ስር የሰደደ የወገብ ሕመምን ማርገብ፦ ከመድኃኒቱ ጎን የሚሠራ የቤት ሥራ

የወገብ ሕመም ከሦስት ወር በላይ ሲዘልቅ ሐኪሞች ስር የሰደደ ሕመም ይሉታል። እዚያ የደረሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያልሞከረው ነገር የለም፤ ዲክሎፌናክ ውጧል፣ መርፌ ተወግቷል፣ ታሽቷል፣ ጸበል ተጠምቋል፣ ተበድሮም ቢሆን ኤምአርአይ ተነስቷል። ውጤቱ ላይ «ዲስክ» የሚል ነገር ካነበበ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎንበስ ማለት ይፈራል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመምተኛ ነው። የሚጠይቀው በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል፣ አንድ ደብተርና ስምንት ሳምንት ነው። መድኃኒትንም ፊዚዮቴራፒንም አይተካም።

ለሕመም የሥነ ልቦና ዘዴ ይጠቅማል ሲባል ብዙ ሰው «ሕመምህ የሐሳብ ነው» የተባለ ይመስለውና ይከፋዋል። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ይሁንና መጠኑን የሚወስነው የተጎዳው ቦታ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ቢቸር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጣሊያን ውስጥ ክፉኛ የቆሰሉ ወታደሮችን ሲያክም ብዙዎቹ ማስታገሻ እንደማይፈልጉ አስተውሏል፤ ቁስሉ ለእነሱ ከጦር ሜዳ በሕይወት መውጣት ማለት ነበርና። በ1965 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል፣ የሕመም መልእክት ኅብለ ሰረሰር ላይ ሲደርስ ሊጠናከርም ሊዳከምም እንደሚችል፣ በዚህም ላይ አንጎል የራሱ ሥልጣን እንዳለው የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ አወጡ። ስጋት፣ እንቅልፍ ማጣትና ሐዘን መልእክቱን ያጠናክሩታል። ሕመሙ ሲቆይ የነርቭ ሥርዓቱ ራሱ ከልክ በላይ ንቁ ይሆናል፤ ሌባው ከሄደ በኋላም ቅጠል በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንደሚጮህ ዘበኛ ይሆናል። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ይህን ዘበኛ ለማረጋጋት የታሰቡ ናቸው።

የ«ዲስክ»ን ፍርሃት በተመለከተ አንድ ነገር ይወቁ። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመና ምንም የወገብ ሕመም የሌለባቸውን 3,110 ሰዎች የምስል ውጤት ያጠቃለለ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 50 ከሆነው መካከል 60 በመቶ ያህሉ ያበጠ ዲስክ እንደሚታይባቸው አሳይቷል። እነዚህ ሰዎች አያማቸውም። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሁሉ የሕመምዎ ምክንያት ነው ማለት አይደለም።

ከመጀመርዎ በፊት

ሐኪም ያላየው ሕመም ላይ ይህን መመሪያ አይጠቀሙ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎት፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘዎት፣ ወይም እግርዎ እየዛለ ከሄደ በዚያው ዕለት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ያለምክንያት መክሳት ካለም በቶሎ መመርመር ያስፈልጋል፤ በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ አሁንም አለ፣ መድኃኒቱም አለው። ከዚህ በፊት ካንሰር የነበረበት ወይም ሕመሙ ከመውደቅ በኋላ የጀመረው ሰውም እንዲሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ደብተሩ

በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ጠዋትና ማታ፣ ጥቂት መስመር ይጻፉ። ምን እየሠሩ ነበር? ሕመሙ ከመጠንከሩ በፊት ስንት ደቂቃ ሠሩ? በዚያች ሰዓት በልብዎ ምን አሉ? ሌሊቱን እንዴት አደሩ? በየሰዓቱ «አሁንስ ከአሥር ስንት ነው?» እያሉ ሕመሙን መለካት አልመክርም፤ ቀኑን ሙሉ ወገብን ማዳመጥ ይሆንና ሕመሙን ያጎላዋል። ከደብተሩ የምንፈልገው በተለይ ደቂቃዎቹንና ሐሳቦቹን ነው፤ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

ትንፋሽ

ከዚያው ሳምንት ጀምሮ ጠዋትና ማታ አምስት አምስት ደቂቃ። በጀርባዎ ይተኙ፤ ከጉልበትዎ በታች ትራስ ያድርጉ። በአፍንጫዎ እስከ አራት እየቆጠሩ ያስገቡ፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ያስወጡ። ማስወጣቱ ከማስገባቱ ይርዘም እንጂ ቁጥሩ ራሱ ሕግ አይደለም። ካዞረዎት በተለመደው መንገድ ይተንፍሱ። ይህን መልመድ ያለብዎት ሕመሙ ቀለል ባለ ቀን ነው፤ በጠናበት ሌሊት አዲስ ነገር መማር አይቻልም።

ከሁለተኛው ሳምንት፦ ሰውነትን መቃኘት

ጆን ካባት ዚን የተባለ አሜሪካዊ በ1979 እ.ኤ.አ. ማሳቹሴትስ ውስጥ ዉስተር ከተማ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ በተለመደው ሕክምና በቂ እፎይታ ላላገኙ ሕመምተኞች ሥልጠና ጀመረ። ዘዴው ዛሬ ማይንድፉልነስ በሚል ስም ይታወቃል፤ በአሁኗ ቅጽበት ያለውን ነገር ሳይፈርዱበትና ሳይሸሹት ልብ ብሎ ማስተዋል ነው። መነሻው የቡድሃ እምነት ልምምድ ቢሆንም በሆስፒታል የሚሰጠው ሥልጠና ሃይማኖታዊ ይዘት የለውም፤ የማንንም አምልኮ አይጠይቅም፣ ጸሎትንም ሰላትንም አይነካም። ይህን የምለው ብዙ አማኝ ወገኖቻችን በዚህ ሥጋት ብቻ እንደሚተዉት ስለማውቅ ነው።

የሥልጠናው ዋና ልምምድ ሰውነትን መቃኘት ነው። መጀመሪያ በተዘጋጀበት መልኩ 45 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ እርስዎ በ15 ይጀምሩና እስከ 30 ያድርሱት። ስልክዎን ያጥፉ፣ የቤቱን ሰው «እስክነሳ አትጥሩኝ» ይበሉ። ፍራሽ ላይ ተንጋለው ትንፋሽዎን ጥቂት ጊዜ ይከተሉ። ከዚያ ሐሳብዎን በግራ እግርዎ ጣቶች ላይ ያሳርፉ። ይሞቃሉ? ይቀዘቅዛሉ? ካልሲው ይሰማዎታል? ምንም ካልተሰማዎት «ምንም አይሰማም» ብሎ ማወቅም ማስተዋል ነው። ወደ ውስጥ እግር፣ ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ባት፣ ጉልበት፣ ጭን እያሉ ይውጡ። በቀኝ እግርም ይድገሙት።

ወገብዎ ላይ ሲደርሱ ዋናው ሥራ ይጀምራል። ልማዳችን ጥርስን ነክሶ ማለፍ ወይም እዚያው ተወጥሮ መቅረት ነው። ሁለቱንም ይተዉና ሕመሙን አዲስ እንዳዩት ነገር ይመርምሩት። የት ይጀምራል፣ የት ያበቃል? ያቃጥላል፣ ይወጋል፣ ይጨመድዳል ወይስ ይከብዳል? ትንፋሽ ሲያስወጡ ይለወጣል? ከሕመሙ ዙሪያ ያለሕመሙ ትእዛዝ የተወጠረ ጡንቻ አለ? መንጋጋዎ፣ ትከሻዎና ሆድዎ አብረው ተጨብጠው ያገኟቸው ይሆናል፤ እነሱን ማላላት በእጅዎ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ አንድ ነገር ይገለጥለታል፦ «መላ ሰውነቴን አመመኝ» ይል የነበረው ሕመም ወሰን አለው፣ ከፍና ዝቅም ይላል።

ከበረታብዎት ሐሳብዎን ወደ እጅዎ መዳፍ ይውሰዱና ጥቂት ቆይተው ይመለሱ። ከወገብ በኋላ በሆድ፣ በደረት፣ በእጆች፣ በአንገትና በፊት በኩል አድርገው ይጨርሱ። ሐሳብዎ ወደ ቤት ኪራዩ ወይም ወደ ልጅዎ ፈተና መቶ ጊዜ ይሄዳል። በተያዘ ቁጥር ራስን ሳይወቅሱ መመለስ ነው፤ ልምምዱም ይኸው መመለሱ ነው። እንቅልፍ ከወሰደዎት ዓይንዎን ከፍተው ወይም ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሞክሩት። በጦርነት፣ በስደት መንገድ ወይም በጥቃት ያለፈ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሰውነቱን ሲያስተውል ክፉ ትዝታ ሊመጣበት ይችላል። ያኔ ማቆም፣ እግርን መሬት ላይ አድርጎ ቤት ውስጥ ያሉ ዕቃዎችን መመልከት፣ ቀጣዩን ከባለሙያ ጋር መሥራት ይሻላል።

ይሠራል ወይ? በ2016 እ.ኤ.አ. ሲያትል ውስጥ በ342 የወገብ ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ሦስት ቡድኖችን አነጻጽሯል። ከስድስት ወር በኋላ የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴያቸው በሚታይ ደረጃ የተሻሻለላቸው፣ ማይንድፉልነስ ከሠለጠኑት 61 በመቶ፣ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ከወሰዱት 58 በመቶ፣ በተለመደው ሕክምና ከቀጠሉት ደግሞ 44 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ተአምር አይደለም፤ ሁሉም አልተሻለውም። ነገር ግን ጨጓራም ኩላሊትም የማይጎዳ መፍትሔ ይህን ያህል ከሰጠ፣ በእኔ ግምት ግማሽ ሰዓት ይገባዋል።

ከሦስተኛው ሳምንት፦ በልብ የሚባለው ነገር

አሁን ከላይ ወደተጠቀሰው የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና እንመጣለን። ደብተሩን ይክፈቱ። «ወገቤ አለቀለት።» «ሽባ ሆኜ ልጆቼን ማን ያሳድጋቸዋል?» «እስከ ዕለተ ሞቴ እንዲሁ ነኝ።» እንዲህ ያሉ ሐሳቦች ጡንቻን ያስወጥራሉ፣ እንቅልፍ ይነሳሉ፣ ከሥራ ያስቀራሉ፤ ያልሠራ ጡንቻ ይደክማል፣ የደከመ ጡንቻ ቶሎ ያማል። አንዱን ሐሳብ ይምረጡና ከሥሩ ለሦስት ጥያቄዎች መልስ ይጻፉ። ለዚህ ማስረጃዬ ምንድን ነው? የማያስማማ ነገር አይቻለሁ? ወዳጄ እንዲህ ቢለኝ ምን እመልስለት ነበር?

ለምሳሌ «ወገቤ አለቀለት» ላለች እናት መልሷ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ትናንት ማታ በጣም አሞኛል። ሐኪሙ ግን አከርካሪዬ ጽኑ ነው ብሎኛል፣ ማክሰኞም ገበያ ደርሼ ተመልሻለሁ። ዛሬ ያመኛል፣ አልተሰበርኩም።» ልብ ይበሉ፣ «ደህና ነኝ» አላለችም። የማያምኑትን ጣፋጭ ቃል መጻፍ ምንም አይረዳም፤ መልሱ እውነት መሆን አለበት።

ከአራተኛው ሳምንት፦ ልክ ማበጀት

ከሁሉ እርምጃ የምሳሳለት ለዚህኛው ነው፤ ሰዎች ግን ቀላል ስለሚመስላቸው ይዘሉታል። የታወቀው አካሄድ እንዲህ ነው፦ ሕመሙ ቀለል ያለ ቀን፣ በተለይ የበዓል ዋዜማ፣ የተጠራቀመው ሥራ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ልብሱ ይታጠባል፣ እንጀራው ይጋገራል፣ ቤቱ ይወለወላል። በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን አልጋ ነው። ደጋግሞ እንዲህ ሲሆን ሥራና ሕመም በአንጎል ውስጥ ይተሳሰራሉ፣ የሚሠራውም እያነሰ ይሄዳል። በሲያትሉ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሠራው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊልበርት ፎርዳይስ ሕመምተኞች ሕመሙ ሲያስቆማቸው ሳይሆን አስቀድሞ የተወሰነው መጠን ሲሞላ እንዲያርፉ በማድረግ ይህን ዑደት ለመስበር ሠርቷል።

አሠራሩ ይህ ነው። አንድ ሥራ ይምረጡ፤ እንጀራ መጋገር እንበል። በሦስት የተለያዩ ቀናት ሕመሙ ከመጠንከሩ በፊት ስንት ደቂቃ እንደሠሩ ደብተሩ ላይ አለ፦ 12፣ 18፣ 15። አማካዩ 15 ነው። ከአምስት አንዱን ይቀንሱ፤ 12 ደቂቃ ይሆናል። የስልክዎን ሰዓት ለ12 ደቂቃ ይሙሉ። ሲጮህ ምጣዱ ላይ ያለችውን አውጥተው ያቁሙ፣ አምስት ደቂቃ ይቀመጡ ወይም ይንጎራደዱ፣ ከዚያ ይቀጥሉ። በሳምንቱ 13 ደቂቃ ያድርጉት፣ እንዲህ እያሉ በትንሹ ይጨምሩ። ከባዱ ነገር ምንም ባላመመዎት ቀንም በ12ኛው ደቂቃ ማቆም ነው። በክፉ ቀን ደግሞ በተቃራኒው፣ ከቻሉ ያችኑ 12 ይሞክሩ። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ታክሲ የሚነዳ፣ ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት የሚሠራ ሰው ሰዓቱን እንደልቡ ማዘዝ አይችልም። እሱ አቀማመጡን በሰዓት መቀየር፣ ከባዱንና ቀላሉን ሥራ እያፈራረቀ መሥራት ይችላል።

የሚፈሩትን እንቅስቃሴም እንዲሁ በደረጃ ይመልሱት። ጎንበስ ማለት የሚያስፈራዎት ከሆነ መጀመሪያ ከወንበር ላይ መሐረብ ያንሱ፣ ቀጥሎ ከዱካ ላይ፣ ቀጥሎ ከወለል። ፍርሃቱ እስኪለዝብ አንዱን ደረጃ ደጋግመው ይሥሩት እንጂ አይዝለሉ። ስለ ስግደት የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ቤተ ክርስቲያን የሕመምተኛን አቅም ታያለች። ሙስሊም ከሆኑም ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ መስገድ እንደሚችል ያውቃሉ።

ቤተሰብ

ፍቅር በአገራችን ሕመምተኛን በማስተኛት ይገለጻል። «እማዬ፣ አንቺ ተይው፣ እኔ እሠራዋለሁ» የሚል ልጅ የተባረከ ነው፤ ሆኖም ሁሉም ሥራ ከእጇ ከወጣ እናቲቱ የምትዳከመው በዚያው ነው። ቤተሰብዎን ሰብስበው ይንገሯቸው፦ በየሰዓቱ «አመመሽ?» ከማለት ይልቅ ሰዓቱ ሲጮህ «አሁን አረፍ በይ» ይበሉ፤ ከባዱን እንስራ ወይም የውሃ ጄሪካን ይሸከሙ፣ ቡናውን ግን ለእርስዎ ይተዉት።

ሲነሳብዎት

ሕመም መነሳቱ አይቀርምና ዕቅዱን ደህና በሆኑበት ቀን ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። አንደኛ፣ ከላይ ከተዘረዘሩት አደገኛ ምልክቶች አዲስ የመጣ አለ? ከሌለ፣ ሁለተኛ፣ ሥራዎን በግማሽ ይቀንሱ እንጂ ሙሉ በሙሉ አይተኙ። ሦስተኛ፣ ትንፋሹን በቀን አራት አምስት ጊዜ ያድርጉ። መድኃኒት በታዘዘልዎት ልክ ይውሰዱ፤ ዲክሎፌናክና መሰሎቹን ከፋርማሲ እየገዙ መጨመር ጨጓራን ሊያደማ፣ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ወደ ቀድሞ ደቂቃዎችዎ በደረጃ ይመለሱ። ሐዘኑ ከብዶ መኖር ካስጠላዎት ግን የሚጠበቅ ሳምንት የለም፤ በዚያው ቀን ለቅርብ ሰው ይንገሩና ሆስፒታል ይሂዱ።

ስምንተኛው ሳምንት ሲያበቃ የደብተሩን የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጾች ያስተያዩ። ሕመሙ ያው ሆኖ የሠሩት ደቂቃ ከጨመረ፣ እንቅልፍዎም ከተሻለ፣ ዘዴው እየሠራ ነው፤ ይቀጥሉ። ምንም ካልተለወጠ ደብተሩን ይዘው ወደ ፊዚዮቴራፒስት ወይም ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ይሂዱ። የትኛው ሥራ፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ በየትኛው ሐሳብ እንደሚከብድዎት በእጅዎ ጽፈውታልና ባለሙያው ከዚያ ይነሳል።