የርቀት ትምህርትና የግማሽ ሴኮንድ መዘግየት

ከግንቦት 16 እስከ 18 ቀን 1998 ዓ.ም. በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከካዛንቺስ አጠገብ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የስብሰባ ማዕከል፣ ኢ-ለርኒንግ አፍሪካ የተሰኘው ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተካሄደ። ከአህጉሪቱና ከሌላው ዓለም የመጡ መምህራን፣ ባለሥልጣናትና የቴክኖሎጂ ባለሙያዎች በኮምፒውተርና በኢንተርኔት ስለሚሰጥ ትምህርት መከሩበት። ጉባኤው ናይሮቢን፣ አክራን፣ ዳካርንና ሌሎች ከተሞችን ዞሮ፣ አሥረኛው ስብሰባ በግንቦት 2007 ዓ.ም. እንደገና አዲስ አበባ ላይ ተደርጓል።

ከማዕከሉ አጥር ውጭ የነበረው ሁኔታ ግን ሌላ ነበር። በዚያን ጊዜ በካዛንቺስ የኢንተርኔት ቤቶች ተቀምጠን አንድ ገጽ እስኪከፈት ስንጠብቅ የሚቆጥረው ደቂቃ ሁሉ ሒሳብ ነበር። እስቲ እናስላው። የስልክ መስመር ሞደም ቢበዛ በሴኮንድ 56 ኪሎቢት ያስተላልፋል። የ10 ሜጋባይት ፋይል 80 ሚሊዮን ቢት ስለሆነ፣ አንዱን ለሌላው ስናካፍል 1,430 ሴኮንድ ገደማ፣ ማለትም 24 ደቂቃ እናገኛለን። ያውም መስመሩ መሐል ላይ ካልተቋረጠ ነው። በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ያው ፋይል በ8 ሴኮንድ ይደርሳል።

ይህ የመስመር አቅም ይባላል። ብዙ ተማሪዎች ከዚህ ጋር የሚያምታቱት ሌላ መጠን አለ፤ እርሱም መዘግየት ነው። ሰፊ ቧንቧ ብዙ ውኃ ያወርዳል፤ የመጀመሪያዋ ጠብታ ከምንጩ እስክትደርስ የሚፈጀው ጊዜ ግን የቧንቧው ርዝመትና የውኃው ፍጥነት ጉዳይ ነው። «ኢንተርኔቱ ፈጣን ነው» ስንል ከሁለቱ የትኛውን ማለታችን እንደሆነ እኛ መምህራኑም አንዳንድ ጊዜ አናጣራም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው፣ ሁላችንም «ፕላዝማ» ብለን የምንጠራው ትምህርት በሳተላይት ይሰራጭ ነበር። ከምድር ጋር እኩል የሚዞር ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ይገኛል። ምልክቱ ወጥቶ ለመመለስ ቢያንስ 71,572 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ይህንን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ለሆነው የብርሃን ፍጥነት ስናካፍል 0.24 ሴኮንድ ይሆናል። ጥያቄ ሄዶ መልስ እስኪመጣ ደግሞ እጥፉ፣ ወደ ግማሽ ሴኮንድ ይጠጋል። በውጭ አገር ለትምህርት ሳለን ወደ ቤት በሳተላይት መስመር ስንደውል ከእናታችን ጋር ቃል እየተጋጨን «አንቺ ቀጥይ»፣ «የለም፣ አንተ ቀጥል» የምንባባለው በዚሁ ምክንያት ነበር። ይህንን መዘግየት የትኛውም መሐንዲስ ሊያሳጥረው አይችልም፤ ርቀቱ ያው ነው፣ ብርሃንም ከዚያ በላይ አይፈጥንም።

በ2001 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የምሥራቅ አፍሪካን ዳርቻ ተከትሎ ሥራ የጀመረው ሲኮም የተባለው የባሕር ውስጥ ገመድ የተለየ ጥቅም የሰጠው ከዚህ የተነሣ ነው። በመስታወት ክር ውስጥ ብርሃን ይቀዘቅዛል፤ ፍጥነቱ በሴኮንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ይሁን እንጂ መንገዱ እጅግ አጭር ነው። ለ10,000 ኪሎ ሜትር ገመድ የደርሶ መልሱ ጊዜ 0.1 ሴኮንድ ብቻ ነው። በዝግታ የሚሄደው ቀድሞ ይደርሳል ማለት ነው!

ለመሆኑ የፕላዝማው ችግር ያ ግማሽ ሴኮንድ ነበርን? በእኛ አስተያየት አልነበረም። ፕላዝማው ይናገር ነበር እንጂ አይሰማም ነበር፤ ተማሪው እጁን ቢያወጣ የሚያየው አልነበረም። ይህ የፊዚክስ ሳይሆን የአሠራር ጉድለት ነው። በአንጻሩ የአፍሪካ ቨርቹዋል ዩኒቨርሲቲ ያስተባበረውን ሥራ እንመልከት፦ የጅማ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ከ10 አገሮች የተውጣጡ 12 ዩኒቨርሲቲዎች ለሒሳብና ለሳይንስ መምህራን ማሠልጠኛ የሚሆኑ ሞጁሎችን ተካፍለው ጽፈው፣ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በፖርቱጋልኛ በነጻ እንዲነበቡ አድርገዋል። ከፊዚክሶቹ መካከል ኢትዮጵያውያን መምህራን ያዘጋጇቸው ይገኛሉ። ጽሑፍ ተቀባብሎ ለማረም ፈጣን መስመር አያስፈልግም፤ ባልደረባው ጥያቄህን አንብቦ የሚመልስ መሆኑ ይበቃል።

ተማሪዎችም ይህንኑ ሊያደርጉ ይችላሉ። አገራችን ለአንድ ሙከራ የተፈጠረች ትመስላለች። ውኃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር ሲስተካከል ነው፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ውኃ በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል። ሽሮው ቶሎ የማይበስለው እሳቱ አንሶ አይደለም። በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ድሬዳዋ 96፣ ከዚያም ዝቅ ባለችው ጋምቤላ ወደ 98 ዲግሪ ይጠጋል። ልዩነቱ በተራ የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር የሚነበብ ነው። ከየከተማው የሚላከው ውጤት ሁለት ቁጥር፣ ከፍታና ሙቀት፣ በመሆኑ በስልክ አጭር መልእክት እንኳ ይደርሳል። የሦስት ወይም የአራት ትምህርት ቤቶች ነጥቦች በአንድ ግራፍ ላይ ሲሰፍሩ፣ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል የሚወርድ መስመር ይወጣል። ይህን መስመር የአንድ ከተማ ተማሪ ብቻውን ሊያገኘው አይችልም።

ሙከራውን የምትሠሩ ተማሪዎች ንጹሕ ውኃ ተጠቀሙ፤ የቴርሞሜትሩ ጫፍ የዕቃውን ታች እንዳይነካ አድርጉ። ሙቀቱ መጨመሩን አቁሞ ለሁለት ደቂቃ ባለበት ከቆየ በኋላ አንብቡ፤ ሦስት ጊዜ ደግማችሁም አማካዩን ውሰዱ። ከመጀመራችሁ በፊት የሁሉም ትምህርት ቤቶች ቴርሞሜትሮች በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ዜሮ ማሳየታቸውን አረጋግጡ፤ የአንዱ ቴርሞሜትር አንድ ዲግሪ ከሳተ 300 ሜትር ስቷል ማለት ነውና።