ቤት ከመግዛታችን በፊት

ሥራ ስንይዝ ዱርቤቴ ላሉት ወላጆቻችን ቤት ልንገዛ የምናስብ ጥቂት አይደለንም። የምንገዛው ግን ምንድር ነው? የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን የመንግሥት አደረገ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። እንግዲህ ዋጋ የምንከፍለው ለቤቱና በቦታው ለመጠቀም መብት ነው። ሻጩ መብቱ ከሌለው የግድግዳው ማማር ምን ይረባናል?

እኛ ግን ጣራውንና ምርጉን አይተን በሽማግሌ ፊት መፈራረም ይበቃናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ (ቁጥር 1723) እንዲህ ያለው ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዛል። ስለዚህ ቀብድ ሳንሰጥ፥ ካርታው በማን ስም እንደ ሆነ፥ ዕዳ ወይም እግድ እንዳለበት ከማዘጋጃ ቤት እንጠይቅ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። ከከተማው ዳር ያለ የገበሬ እርሻ ከሆነማ፥ አባታችን በሬ ሸጦ የጨመረልንን ገንዘብ ይዘን እንመለስ።