ድክ ድክ የሚል ሕፃን ሲያተኩሰው፦ የቤት ውስጥ ክብካቤና ወደ ጤና ተቋም የመሄድ ውሳኔ

አጠቃሎ

ወላጆች ሕፃናትን ይዘው ወደ ጤና ተቋም ከሚመጡባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ትኩሳት ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ከ1 እስከ 3 ዓመት ዕድሜ ያለው ሕፃን ሲያተኩሰው ቤተሰብ ውሳኔውን በምን ላይ እንደሚመሠርትና በምን ላይ ሊመሠርት እንደሚገባ ይመረምራል። የተጠቀመበት ዘዴ የሰነድ ንባብ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የሚሠራበትን የተቀናጀ የሕፃናት ሕመም አያያዝ መመሪያ ከእንግሊዝ የትኩሳት መመሪያ ጋር ያነጻጽራል። የጽሑፉ መከራከሪያ ይህ ነው፦ በዚህ ዕድሜ ወደ ጤና ተቋም ለመሄድ ወይም በቤት ለመቆየት የትኩሳቱ መጠንም ሆነ በመድኃኒት መብረዱ በቂ መመዘኛ አይደለም፤ ውሳኔው በሕፃኑ ሁኔታ፣ በሚኖርበት አካባቢና ከተቋሙ ባለው ርቀት ላይ ሊመሠረት ይገባል።

ቁልፍ ቃላት፦ ትኩሳት፣ የአደጋ ምልክቶች፣ የቤት ውስጥ ክብካቤ፣ መዘግየት፣ ወባ

1. መግቢያ

በአማርኛ «በረደለት» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይገልጻል። የሕፃኑ ገላ ሲቀዘቅዝ «ትኩሳቱ በረደለት» ይባላል፤ ከሕመሙ ሲያገግምም «ሕመሙ በረደለት» ይባላል። በዕለት ተዕለት ንግግር ይህ ምንም ችግር የለውም። በታመመ ሕፃን አጠገብ ግን ሁለቱ ፍቺዎች ሲቀላቀሉ አደጋ ሊያስከትሉ ይችላሉ። ፓራሲታሞል የተሰጠው ሕፃን የሳንባ ምች ወይም ወባ ይዞት እንኳ ገላው ለጥቂት ሰዓታት ሊቀዘቅዝ ይችላል። በእነዚያ ሰዓታት ቤተሰቡ ተረጋግቶ ጉዞውን ለነገ ካሳደረው የሚባክነው ጊዜ ሕክምናው ይበልጥ ውጤታማ የሚሆንበት ጊዜ ነው።

ጽሑፉ የሚመለከተው ቆሞ መሄድ የጀመሩትን፣ ሕመማቸውን ግን በቃል መግለጽ የማይችሉትን ሕፃናት ነው። ከ3 ወር በታች ያሉ ሕፃናት ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በእነርሱ ዘንድ 38 ዲግሪ ሴልሲየስና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት ብቻውን አስቸኳይ ምርመራ ያስፈልገዋል።

2. ትኩሳትና ቁጥሩ

ትኩሳት በራሱ በሽታ ሳይሆን የሰውነት ምላሽ ነው። ተሕዋስያን ወደ ሰውነት ሲገቡ የመከላከያ ሕዋሳት የሚያመነጯቸው ንጥረ ነገሮች ፕሮስታግላንዲን የተባለው ውሕድ እንዲመረት ያደርጋሉ፤ በአንጎል ውስጥ የሚገኘው የሙቀት መቆጣጠሪያ ክፍል፣ ሃይፖታላመስም፣ የሰውነትን የሙቀት ልክ ከፍ ያደርጋል። ሕፃኑ እጅና እግሩ እየቀዘቀዘ የሚንቀጠቀጠው ሰውነቱ ወደ አዲሱ ልክ ለመድረስ ሲሞክር ነው። ፓራሲታሞል የፕሮስታግላንዲንን ምርት በመቀነስ ልኩን ዝቅ ያደርጋል፤ በተሕዋስያኑ ላይ ግን አንዳች ሥራ አይሠራም።

በተቀናጀው የሕፃናት ሕመም አያያዝ መመሪያ መሠረት በብብት ሲለካ 37.5 ዲግሪ ሴልሲየስና ከዚያ በላይ የሆነ ሙቀት ትኩሳት ነው። ቴርሞሜትር በሌለበት መመሪያው ተንከባካቢዋ የተናገረችውንና በእጅ የሚዳሰሰውን ሙቀትም ይቀበላል። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤናና የክብካቤ ልህቀት ኢንስቲትዩት፣ በአኅጽሮት ናይስ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣውና በኋላም ያሻሻለው መመሪያ፣ ወላጅ «አተኩሶታል» ካለ የጤና ባለሙያው ቃሉን በቁም ነገር እንዲወስደው ያዛል። ከዚህም ጋር ዕድሜያቸው ከ6 ወር በላይ በሆኑ ሕፃናት የሙቀቱ ከፍታ ብቻውን የከባድ ሕመም መለያ እንዳይሆን ያሳስባል። 39.5 ዲግሪ ያተኮሰው ሕፃን ቀላል ጉንፋን ይዞት እየተጫወተ ሊሆን ይችላል፤ 38 ዲግሪ ያተኮሰው ደግሞ ማጅራት ገትር ይዞት ሊሆን ይችላል።

3. ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች

ባርተን ሽሚት የተባለው አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት ወላጆች ስለ ትኩሳት ያላቸውን የተጋነነ ፍርሃት «የትኩሳት ፎቢያ» ሲል ሰይሞታል። ከ20 ዓመት በኋላ ክሮሴቲና የሥራ ባልደረቦቹ 340 ተንከባካቢዎችን ጠይቀው ፍርሃቱ እንዳልቀነሰ አሳይተዋል፤ ከተጠየቁት 91 በመቶው ትኩሳት በራሱ ጉዳት ያደርሳል ብለው ያምኑ ነበር፤ 85 በመቶው ደግሞ መድኃኒት ለመስጠት ሕፃኑን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሱ ነበር። ከተለመዱ የተሕዋስያን ሕመሞች የሚመጣ ትኩሳት ግን ብቻውን አንጎልን አይጎዳም። ጉዳት የሚያደርሰው ከትኩሳቱ በስተጀርባ ያለው በሽታ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የተገላቢጦሹ ነው። ትኩሳቱ የታወቀ ስም ሲሰጠው አሳሳቢነቱ ይቀንሳል። «ጥርስ ሊያወጣ ነው»፣ «ምች መትቶት ነው»፣ «ዓይን ነው» የሚሉት ማብራሪያዎች በኢትዮጵያ ቤተሰቦች ዘንድ የተለመዱ ናቸው። ጥርስ ማውጣት የሰውነትን ሙቀት በጥቂቱ ከፍ ሊያደርግ ቢችልም ለከፍተኛ ትኩሳት ምክንያት እንደማይሆን ጥናቶች አመልክተዋል። ዳማከሴ ማሸትም ሆነ ጠበል መውሰድ ሕፃኑ በጊዜው ወደ ጤና ተቋም እንዳይሄድ እስካላገደ ድረስ ከሕክምና ጋር የሚጋጭበት ምክንያት የለም። ከዚህ የሚለዩት ግግ ማውጣትና እንጥል ማስቆረጥ ናቸው፤ ደም መፍሰስንና ቁስል ማመርቀዝን የሚያስከትሉ በመሆናቸው በራሳቸው ለሞት ሊዳርጉ ይችላሉ።

ሁለቱ ስሕተቶች የተለያዩ ቢመስሉም መነሻቸው አንድ ነው። የመጀመሪያው ቁጥሩን አይቶ ይደነግጣል፤ ሁለተኛው ለትኩሳቱ ስም ሰጥቶ ይረጋጋል። ሁለቱም ትኩሳቱን እንጂ ሕፃኑን አይመለከቱም።

4. የቤት ውስጥ ክብካቤ

የክብካቤው ዋና ዓላማ ሙቀቱን ወደ 37 ዲግሪ መመለስ ሳይሆን ሕፃኑ ፈሳሽ እንዳያጥረውና ሥቃዩ እንዲቀልለት ማድረግ ነው።

ፈሳሽና ምግብ፦ ጡት የሚጠባ ሕፃን ከወትሮው አዘውትሮ ይጥባ። ውኃ፣ ሾርባ፣ ቀጠን ያለ አጥሚት በጥቂት በጥቂቱ ቶሎ ቶሎ ይሰጠው። ተቅማጥ ካለበት ኦአርኤስ ይጨመርለት። የሽንት ማነስ፣ የአፍ መድረቅ፣ ያለ እንባ ማልቀስ፣ የዓይን መሰርጎድ የፈሳሽ እጥረት ምልክቶች ናቸው።

ልብስ፦ ነፋስ እንዳያገኘው በማለት ሕፃኑን በጋቢና በብርድ ልብስ መጠቅለል ሙቀት እንዳይወጣ ያግዳል። ልብሱን ሙሉ በሙሉ ማውለቅም አይመከርም፤ ሳሳ ያለ ልብስ ይበቃዋል። በቀዝቃዛ ውኃ መንከር ወይም በአልኮል ማሸት የተከለከለ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ያንቀጠቅጠዋል፤ አልኮል ደግሞ በቆዳና በትንፋሽ ገብቶ ይመርዘዋል።

መድኃኒት፦ ፓራሲታሞል የሚሰጠው ሕፃኑ ሲሠቃይ ወይም ትኩሳቱ 38.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። መጠኑ የሚሰላው በክብደት ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ በኪሎ ግራም ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። 10 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሕፃን ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ማለት ነው። በየ6 ሰዓቱ ሊደገም ይችላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ከ4 ጊዜ መብለጥ የለበትም። በዚህ ረገድ ትልቁ የስሕተት ምንጭ የመድኃኒቱ ጥንካሬ ነው። በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም የያዘ ሽሮፕ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 24 ሚሊ ግራም ብቻ አለው፤ በጠብታ መልክ የሚዘጋጀው ግን በ1 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ሊይዝ ይችላል። አንዱን በሌላው መለኪያ የሰጠች እናት ከአራት እጥፍ በላይ ልትሰጥ ትችላለች። ስለዚህ በወጥ ቤት ማንኪያ ሳይሆን ከመድኃኒቱ ጋር በሚመጣው መለኪያ መስጠት ይገባል። አስፕሪን ራይ ሲንድሮም የተባለውን አንጎልንና ጉበትን የሚጎዳ ሕመም ሊያስከትል ስለሚችል ለሕፃናት አይሰጥም። ከቀድሞ ሕመም የተረፈ አሞክሲሲሊን መስጠትም ለቫይረስ ሕመም አይጠቅምም፤ የባክቴሪያ ሕመም ከሆነም ምልክቱን ያደበዝዛል።

5. የውሳኔው መመዘኛዎች

5.1 የሕፃኑ ሁኔታ

የተቀናጀው መመሪያ አራት አጠቃላይ የአደጋ ምልክቶችን ይዘረዝራል፦ ሕፃኑ መጠጣት ወይም መጥባት አለመቻሉ፤ የወሰደውን ሁሉ ማስመለሱ፤ በዚህ ሕመም ጊዜ መንቀጥቀጡ፤ መፍዘዙ ወይም ራሱን መሳቱ። ከአራቱ አንዱ እንኳ ከታየ ሕፃኑ ቀንም ሆነ ሌሊት ወዲያውኑ ይወሰዳል። የአንገት መገተር፣ በአተነፋፈስ ጊዜ የታችኛው ደረት ወደ ውስጥ መሰርጎድ፣ ሲጫኑት የማይጠፋ ወይን ጠጅ መልክ ያለው የቆዳ ነጠብጣብም ከእነዚህ ጋር ይቆጠራሉ።

አተነፋፈስን መቁጠር ማንኛውም ተንከባካቢ ሊማረው የሚችል ክህሎት ነው። ሕፃኑ ሳያለቅስ፣ ሆዱ ወይም ደረቱ ተገልጦ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል። ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ሕፃን በደቂቃ 40ና ከዚያ በላይ ፈጣን አተነፋፈስ ነው። ሳል ያለበት ሕፃን ትንፋሹ ከዚህ ከደረሰ የሳንባ ምች ስለሚጠረጠር በዕለቱ መታየት አለበት።

መንቀጥቀጥ የተለየ ትኩረት ይሻል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ሕፃናት ከ2 እስከ 5 በመቶ የሚሆኑት ከትኩሳት ጋር የተያያዘ መንቀጥቀጥ ይገጥማቸዋል፤ አብዛኛው ከ15 ደቂቃ በታች ያበቃል፤ ዘላቂ ጉዳትም አይተውም። ሕፃኑን በጎኑ ማስተኛት፣ በአፉ ምንም አለመጨመር፣ ክብሪት ጭሮ አለማሸተትና ሰዓት መያዝ ይገባል። ይሁን እንጂ ማጅራት ገትርና ከባድ ወባም በመንቀጥቀጥ ስለሚገለጡ፣ መንቀጥቀጡ ቢያቆምም ሕፃኑ በባለሙያ ሳይታይ «አለፈለት» ሊባል አይገባም።

5.2 አካባቢ

የናይስ መመሪያ ወላጆችን እየተከታተሉ እንዲጠብቁ ሲመክር ወባ የሌለበትን አገር አስቦ ነው። በኢትዮጵያ ወባ በአብዛኛው የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በታች ባሉ አካባቢዎች ሲሆን፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ዋነኛው የስርጭት ወቅት ነው። በጋምቤላ ወይም በመተማ የሚኖር ሕፃን ሲያተኩሰው ሁኔታው ጥሩ ቢመስልም በ24 ሰዓት ውስጥ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዝርያ በአጭር ጊዜ ወደ ከባድ ደረጃ ሊሸጋገር ይችላልና። በደብረ ብርሃን የሚኖር ሕፃን ግን እየጠጣና እየተጫወተ ከሆነ በቤት ሊጠበቅ ይችላል። ቤተሰቡ በቅርቡ ከቆላ ተመልሶ ከሆነ ግን ደጋ መኖሩ ዋስትና አይሆንም። እንዲሁም ትኩሳት ከሽፍታ፣ ከዓይን መቅላትና ከሳል ጋር ከታየ ኩፍኝ ስለሚጠረጠር ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

5.3 ጊዜና ርቀት

የአደጋ ምልክት የሌለበትና ወባ በሌለበት አካባቢ ያለ ሕፃን ትኩሳቱ 2 ቀን ካለፈው ሊታይ ይገባል። በየቀኑ እያተኮሰው 7 ቀን የሞላው ሕፃን ደግሞ ለተጨማሪ ምርመራ ወደ ሆስፒታል ይላካል። ከዚህ በተጨማሪ መመሪያዎች ብዙም የማያነሡት የቀኑ ሰዓት አለ። መንገድ ሲጨልም በሚዘጋበት ገጠር፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ «እስከ ማታ እንየው» ማለት በተግባር «እስከ ነገ እንየው» ማለት ነው። ስለዚህ ሕፃኑን ጀምበር ሳትጠልቅ ዳግመኛ መመልከትና በቀን ብርሃን መወሰን የርቀት ጫና ያለበት ቤተሰብ ሊከተለው የሚገባ ሥርዓት ነው።

6. የውሳኔው ባለቤት

ታዴየስና ሜይን እ.ኤ.አ. በ1994 የእናቶችን ሞት ለመተንተን ያቀረቡት «የሦስቱ መዘግየቶች» ማዕቀፍ ለሕፃናትም ይሠራል፦ ለመወሰን መዘግየት፣ ለመድረስ መዘግየትና ከደረሱ በኋላ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። በብዙ ቤቶች ምልክቱን ቀድማ የምታየው እናት ናት፤ የመጓጓዣውን ገንዘብ የያዘው አባት፣ ምክሯ የሚሰማው ደግሞ አያት ሊሆኑ ይችላሉ። እናትን ብቻ የሚያስተምር የጤና ትምህርት እውቀቱን ለእርሷ ሰጥቶ ሥልጣኑን ከሌሎች ጋር ይተወዋል። የአደጋ ምልክቶቹን አባትና አያትም ካወቋቸው፣ «ልጁ አልጠጣም» የሚለው የእናት ቃል ክርክር የማያስፈልገው የጉዞ ምክንያት ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሁለተኛውን መዘግየት ለማሳጠር ትልቅ ድርሻ አለው። በጤና ኬላ የወባ ፈጣን ምርመራና የሳንባ ምች ሕክምና መሰጠት መጀመሩ የብዙዎችን ጉዞ አሳጥሯል። ይሁንና ታክሞ ወደ ቤት የተመለሰ ሕፃንም ሊብስበት ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው «ደህና ነው» ብሎ ከማሰናበት ይልቅ ምን ሲታይ መመለስ እንዳለባቸው መናገርና ተንከባካቢዋ በራሷ ቃል መልሳ እንድትናገር ማድረግ ይኖርበታል።

7. ማጠቃለያ

ሁለቱ መመሪያዎች በተለያየ አገር የተዘጋጁ ቢሆኑም ሕፃኑን በሦስት የቀለም ደረጃ መመደባቸው ያመሳስላቸዋል፤ በዚህ ዕድሜ ደረጃውን የሚወስኑትም በዋናነት አጠጣጡ፣ አተነፋፈሱና ንቃቱ ናቸው። ልዩነቱ የሚመጣው ከወባና ከርቀት ነው፤ በመሆኑም ለሌላ አገር የተጻፈ የመጠበቂያ ጊዜ እንዳለ ተወስዶ ለቆላው ቤተሰብ ሊሰጥ አይችልም። ለቀጣይ ጥናት ሁለት ጥያቄዎች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ ፓራሲታሞል በቀላሉ መገኘቱ ወደ ጤና ተቋም የመሄጃውን ጊዜ ያዘገያል ወይ? ሁለተኛ፣ አተነፋፈስ መቁጠርን የተማሩ ቤተሰቦች ይበልጥ ፈጥነው ይወስናሉ ወይ? እስከዚያው ድረስ ለወላጅ የሚሰጠው ትምህርት «በረደለት ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ይጠጣል? እንዴት ይተነፍሳል? ነቅቶ ያያል?» የሚሉትን ሦስቱን ቢያስቀድም የተሻለ መሠረት ይኖረዋል።