በገደል አፋፍ ላይ የቆመ ቴርሞሜትር

ከአጽናፈ ዓለም የመጀመሪያ ዘመን የተረፈው ብርሃን ዛሬ እጅግ ቀዝቅዞ፣ መጠነ ሙቀቱ ከፍጹም ዜሮ በላይ 2.7 ኬልቪን ብቻ ሆኖ፣ በማይክሮዌቭ ጨረርነት ከሁሉም የሰማይ አቅጣጫ ወደ ምድር ይደርሳል። ጨረሩ በዓይን አይታይም፤ ያረፈበትን ነገር ግን በኢምንት መጠን ያሞቃል። ታዲያ ይህን ሙቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ከምን ይሠራል?

አሜሪካዊው ሳሙኤል ላንግሌይ እ.ኤ.አ. በ1880 ገደማ የሠራው ቦሎሜትር አንድ መልስ ነበር። ስስ የብረት ጥብጣብ በጨረር ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ስለሚጨምር፣ ጭማሪውን መለካት ጨረሩን መለካት ነው። ይሁንና የተራ ብረት ተቃውሞ ከሙቀት ጋር የሚለወጠው ቀስ በቀስ ነው። ሄይከ ካመርሊንግ ኦነስ እ.ኤ.አ. በ1911 በላይደን ከተማ ሜርኩሪን ሲያቀዘቅዝ ያየው ግን ሌላ ነበር፤ 4.2 ኬልቪን አካባቢ ተቃውሞው በድንገት ጠፋ። እንዲህ ያሉ ቁሶች ሱፐርኮንዳክተር ይባላሉ። በስስ የሱፐርኮንዳክተር ፊልም ላይ ይህ ሽግግር ከአንድ ኬልቪን አንድ ሺኛ በሚያህል ጠባብ ክልል ውስጥ ሊፈጸም ይችላል። ተማሪው በግራፍ ቢያሰፍረው ገደል የመሰለ መስመር ያገኛል። ፊልሙን ከገደሉ ወገብ ላይ ማቆም ከተቻለ፣ እጅግ ጥቂት ሙቀት ከፍተኛ የተቃውሞ ለውጥ ያስከትላል።

ችግሩ እዚያ ማቆሙ ነው። ዶናልድ አንድሩስ ሐሳቡን በ1940ዎቹ ቢሞክረውም ለብዙ ዓመታት በስፋት ሥራ ላይ አልዋለም። በፊልሙ ውስጥ ቋሚ ኮረንት ቢያልፍ፣ የሚመነጨው ሙቀት የኮረንቱ ካሬ በተቃውሞው ሲባዛ የሚገኘው ነው። ስለዚህ ፊልሙ ሲሞቅ ተቃውሞው ይጨምራል፤ ተቃውሞው ሲጨምር ይበልጥ ይሞቃል፤ በመጨረሻም ከሽግግሩ ክልል ይወጣል። ኬንት ኧርዊን እ.ኤ.አ. በ1995 ያቀረበው መፍትሔ ቮልቴጁን ቋሚ ማድረግ ነበር። አሁን የሚመነጨው ሙቀት የቮልቴጁ ካሬ ለተቃውሞው ሲካፈል የሚገኘው ነውና፣ ተቃውሞው ሲጨምር ሙቀቱ ይቀንሳል። ቡናው ሊገነፍል ሲል ጀበናው ራሱ እሳቱን የሚቀንስ ያህል ነው! ፊልሙ ያለ ተቆጣጣሪ በአፋፉ ላይ ይቆያል። በኮረንቱ ላይ የሚታየውን ጥቃቅን ለውጥ የሚያነበው ስኩዊድ የተባለ፣ እርሱም ከሱፐርኮንዳክተር የተሠራ የማግኔት መስክ መለኪያ ነው።

በደቡብ ዋልታ ደረቅ አየር ውስጥ ከ2010 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ሰማይን የተመለከተው ባይሴፕ 2 የተባለው ቴሌስኮፕ፣ ከ0.3 ኬልቪን በታች የቀዘቀዙ 512 እንዲህ ያሉ መመርመሪያዎች ነበሩት። የሌንሱ ስፋት 26 ሴንቲሜትር ብቻ ነበር፤ ብርታቱ ከመመርመሪያዎቹ እንጂ ከግዝፈቱ አልመጣም። የተመራማሪዎቹ ቡድን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 በጨረሩ ፖላራይዜሽን፣ ማለትም በሞገዱ የርግብግቢት አቅጣጫ ላይ፣ የጥንታዊ የስበት ሞገዶችን ጠመዝማዛ አሻራ እንዳገኘ አስታወቀ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ።

መመርመሪያዎቹ አልተሳሳቱም፤ ምልክቱ በእርግጥ በሰማይ ላይ ነበር። ነገር ግን ባይሴፕ 2 የተመለከተው በአንድ ድግግሞሽ፣ በ150 ጊጋኸርዝ፣ ብቻ ስለነበረ፣ ከጥንቱ ጨረርና ከራሳችን ጋላክሲ አቧራ የመጣውን በራሱ መለየት አይችልም ነበር። አቧራው በ353 ጊጋኸርዝ ይበልጥ ደምቆ ይታያል። በዚያ ድግግሞሽ ሰማይን የለካው የአውሮፓ ጠፈር ድርጅት ሳተላይት ፕላንክ ነበር። የሁለቱ መረጃዎች እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ላይ ሲተነተኑ፣ ከአቧራው ድርሻ ተነጥሎ የሚታይ አስተማማኝ የስበት ሞገድ ምልክት አልቀረም። 2,400 ገደማ መመርመሪያዎች ያሉት ባይሴፕ 3 በ95 ጊጋኸርዝ የሰበሰበው መረጃ ተጨምሮ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ውጤትም፣ ሞገዶቹ ሊኖራቸው የሚችለውን የብርታት ጣሪያ ዝቅ አደረገው እንጂ ሞገዶቹን አላገኘም።