እርሾውና እንጀራው፦ የኮንቴይነርን መሠረት ስለ ማደስ

የኮምፒውተር ክበባችን ተማሪዎች በዚህ ዓመት ደጋግመው ያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ «ሰርቨሩን አድሰነዋል፤ ታዲያ በላዩ የሚሠራው ፕሮግራም አሁንም የደኅንነት ክፍተት አለበት የሚባለው ለምንድን ነው?» የተማሪ ውጤትና የወላጅ ስልክ ቁጥር ዛሬ በእንዲህ ያለ ፕሮግራም ስለሚያዝ መልሱን ወላጆችም መምህራንም እንዲያነቡት በዚህ መጽሔት ልናሰፍረው ወደድን።

ዶከር የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ፕሮግራምን በኮንቴይነር ማሠራት ተለምዷል። በሞምባሳና በጅቡቲ ወደብ የምናያቸውን የብረት ሣጥኖች አስቡ። ፕሮግራሙ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ይታሸጋል፤ የትም ቢያወርዱት ያው ነው። የታሸገው ነገር ኢሜጅ ይባላል፤ ተነሥቶ ሥራ ሲጀምር ኮንቴይነር ይሆናል።

ኢሜጅ ብዙውን ጊዜ ከባዶ አይሠራም። ፕሮግራመሩ ዴቢያን፣ ኡቡንቱ ወይም አልፓይን ከተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች የተዘጋጀ ቤዝ ኢሜጅ፣ ማለትም መሠረት፣ ይወስድና የራሱን ሥራ ይደርብበታል። በቤታችን ቋንቋ እርሾ ማለት ነው። እርሾው ከተበላሸ ጤፉ ምንም ቢጣራ አይጠቅምም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የአልፓይን ጉዳይ ነው። ከ3.3 እትም ጀምሮ በነበሩት የአልፓይን ይፋዊ ኢሜጆች የዋናው አስተዳዳሪ መለያ የይለፍ ቃሉ ባዶ እንደ ነበረ እ.ኤ.አ. በሜይ 2019 ተገለጠ። አደጋው ለሁሉም እኩል አልነበረም። የይለፍ ቃል ጠይቆ የሚያስገባ ፕሮግራም በላዩ የጨመረ ሰው ግን በሩን ሳያውቅ ክፍት ትቶታል። ከራሱ ጽሑፍ አንድም መስመር ሳይሳሳት!

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ኮንቴይነር ከሰርቨሩ የሚጋራው ከርነል የተባለውን የሥርዓቱን እምብርት ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ፣ ለምሳሌ መልእክት የሚመሰጥርበትን ኦፕንኤስኤስኤልን፣ በራሱ ሣጥን ይዞ ይዞራል። ስለዚህ ሰርቨሩ ሲታደስ ሣጥኑ ውስጥ ያለው አይነካም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ኸርትብሊድ የተባለው ክፍተት የተገኘው በዚሁ በኦፕንኤስኤስኤል ነበር፤ ከሰርቨር ማስታወሻ የይለፍ ቃልና ቁልፍ ሳይቀር ለማንበብ ያስችል ነበር።

የቤዝ ኢሜጁ አዘጋጆች ክፍተቱን ደፍነው አዲስ ቢያወጡም፣ ከአሮጌው የተሠራው የእናንተ ኢሜጅ እንዳለ ይቀራል። እርሾ ቢለወጥ ትናንት የተጋገረው እንጀራ አይለወጥም፤ እንደገና መጋገር ነው። አጥፍቶ ማብራት ያንኑ አሮጌውን መልሶ ያስነሣል። የሚሠራው ኮንቴይነር ውስጥ ገብቶ በእጅ ማደስም ቢሆን፣ ኮንቴይነሩ ተሰርዞ ከኢሜጁ በተሠራ ጊዜ ድካሙ ሁሉ ይጠፋል።

ተማሪዎቻችን፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። እንደገና ስትሠሩም ዶከር ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ ቀድሞ ያስቀመጣቸውን ንብርብሮች ሊጠቀም ይችላል። «ማሻሻያ አምጣ» የሚለው መስመራችሁ ካልተለወጠ ከወራት በፊት ያመጣውን ያቀርብላችኋል፤ ሥራው ተሳክቷልም ይላችኋል። ስለዚህ በቢዩልድ ትእዛዝ ላይ «ፑል» እና «ኖ ካሽ» የተባሉትን ምርጫዎች ጨምሩ። የመጀመሪያው ቤዝ ኢሜጁን እንደ አዲስ ያስመጣል፤ ሁለተኛው የተቀመጠውን ንብርብር ያስተወዋል። «ሌተስት» የሚለው ምልክት አያታልላችሁ። ስም ብቻ ነው፤ ማሽናችሁ ላይ ያለው ቅጂ የዓመት ዕድሜ ሊኖረው ይችላል።

መሠረቱ ራሱ ጊዜው ካለፈ ደግሞ ደጋግሞ መሥራት ዋጋ የለውም። የዴቢያን 10 የረጅም ጊዜ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጁን 2024 አብቅቷል፤ በዚያ ላይ የቆመ ወደ አዲስ እትም መሸጋገርና ፕሮግራሙን እንደገና መፈተን አለበት። ይህ አድካሚ ነው፤ ግን ሌላ አቋራጭ አናውቅም።

አሮጌውን ኮንቴይነር ከመሰረዛችሁ በፊት ዳታቤዙ ከኮንቴይነሩ ውጭ፣ ቮልዩም በተባለው ማከማቻ፣ መቀመጡን አረጋግጡ። ውስጡ ከሆነ የዓመቱ ውጤት አብሮ ይሄዳል።

ወላጆችም ሆናችሁ የቢሮ ሠራተኞች ፕሮግራም የሚሸጥላችሁን ሰው ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ኢሜጁ ለመጨረሻ ጊዜ እንደገና የተሠራው መቼ ነው? የቆመበትስ መሠረት እስከ መቼ ድጋፍ አለው? ቀኑን ወዲያው መናገር ካልቻለ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ እንዲያመጣ አድርጉ።