በንድፍ መዝገብ ውስጥ ስለ ስም አወጣጥ

የመሐንዲስ ንድፍ ቅርጽንና ልክን ያሳያል እንጂ ዕቃው ከምን ዐይነት ብረት እንደሚሠራ፣ የመለያ ቍጥሩ ስንት እንደ ሆነና ማን እንዳጸደቀው በመስመር ብቻ ሊያሳይ አይችልም። ስለዚህ ይህ ኹሉ በቃል ተጽፎ ከፋይሉ ጋር ይያያዛል። ሶሊድወርክስ በሚባለው የንድፍ ፕሮግራም ይህ ጽሑፍ ‹ከስተም ፕሮፐርቲ› ይባላል፤ እኛ ‹መግለጫ› ብለነዋል። ንድፎች በብዛት ተሰብስበው የሚጠበቁበት መዝገብ ደግሞ ፒዲኤም ነው። ይህ ለአርት ፋኩልቲ ተማሪ ምን ይሆነዋል የሚለን አይጠፋም፤ ነገር ግን ጥያቄው የስም አወጣጥ ስለ ሆነ ከእኛም ትምህርት የራቀ አይደለም።

እያንዳንዱ መግለጫ ሁለት ስም አለው። አንዱ በፋይሉ ውስጥ የተጻፈበት ነው፤ ሌላው መዝገቡ የሚጠራው፣ ‹ቫሪያብል› የሚባለው ነው። በሰፈር ከበደ የሚባለው ሰው በቤተ ክርስቲያን ኀይለ ማርያም ሊሆን ይችላል፤ ለቄሱ የክርስትና ስሙ ካልተነገራቸው በጸሎት ሊያነሡት አይችሉም። መዝገቡም እንደዚሁ ነው።

አሠራሩም ይህ ነው፤ የመዝገቡ አስተዳዳሪ አዲስ ቫሪያብል ከፍቶ ስሙንና ዐይነቱን፣ ይኸውም ጽሑፍ ወይም ቍጥር ወይም ቀን መሆኑን ይወስናል። ቀጥሎ ‹ከስተም ፕሮፐርቲ› ከሚለው ክፍል ጋር አያይዞ የመግለጫውን ስም በፋይሉ ውስጥ እንዳለ ይጽፋል፤ ለየትኛው የፋይል ዐይነት እንደ ሆነም ያመለክታል። በመጨረሻ በመሙያው ካርድ ላይ አንድ ሣጥን ስሎ ከቫሪያብሉ ጋር ያገናኘዋል። በስሙ ውስጥ አንድ ፊደል ቢሳሳት ፕሮግራሙ አይቈጣም፤ ሣጥኑ ባዶ ኾኖ ይቀራል እንጂ። ክፋቱም ይኸው ዝምታው ነው።

ቍጥር የኾነው ዐይነት የበለጠ ያሳስባል፤ መለኪያውን አይዝምና። ሶሊድወርክስ የዕቃውን ክብደት ራሱ አስልቶ በመግለጫው ሲያስገባ በፋይሉ የተመረጠውን መለኪያ ይከተላል። ስለዚህ አንዱ ዕቃ በግራም 850፣ ሌላው በኪሎ 0.85 ተብሎ ሁለቱም በአንድ ሣጥን ይገባሉ፤ ክብደታቸው ግን እኩል ነው። እንዲህ ያለው መደናገር ምን እንደሚያስከትል በመስከረም 1992 ዓ.ም. (1999 እ.ኤ.አ.) ታይቷል። የአሜሪካው ናሳ ወደ ማርስ የላካት መንኰራኵር የጠፋችው አንደኛው ወገን ግፊቱን በፓውንድ ሰከንድ ሲሰጥ ሌላው በኒውተን ሰከንድ መስሎት ስለ ተቀበለ ነው፤ አንድ ፓውንድ ኀይል ደግሞ 4.45 ኒውተን ያህላል። እኛ የምንመክረው ሣጥኑን ‹ክብደት› ሳይሆን ‹ክብደት በኪሎ› ብሎ መሰየምና የፋይሎቹንም መለኪያ አንድ ማድረግ ነው። ስሙ ይረዝማል፤ ይርዘም።

አንድ ነገር ይቀራል። አዲስ ማያያዣ ሲደረግ ቀድሞ በመዝገቡ የገቡት ፋይሎች ወዲያው አይነበቡም፤ ወጥተው እንደ ገና መግባት አለባቸው። ስለዚህ ጀማሪ ኹሉ በመጀመሪያ አንድ የሙከራ ንድፍ ብቻ አስገብቶ ሣጥኖቹ መሞላታቸውን ይመልከት።