ራስ ሳይጠና ጉተና
(ስለ ጠጉርና ስለ ራስ ቆዳ አጭር ትምህርት)

አባቶቻችን «ራስ ሳይጠና ጉተና» የሚሉት ጊዜው ሳይደርስ ለሚንጠራራ ሰው ነው። ተረቱን እንደ ቃሉ ብንወስደው ግን ከሐኪሞች ትምህርት ጋር ይስማማል፤ ጉተና የሚያምረው ራስ ሲጠና ነውና። እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ብንሆንም፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ወደ መንዝ፣ ወደ ግሼና ወደ መርሐቤቴ ስንመለስ ራሳቸው በቆረቆር የተላላጠ ሕፃናት ስለምናይ፣ ነገሩን ማጥናት ግድ ሆኖብናል።

ለመሆኑ ጠጉር ምንድን ነው? ከቆዳ በላይ የምናየው ዘለላ ሕይወት የለውም፤ ሲቆረጥ የማያመንም ስለዚህ ነው። የተሠራው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ሲሆን፣ ጥፍርም ሆነ የመንዝ ሴቶች ለባናና ለበርኖስ የሚፈትሉት የበግ ጠጉር ከዚሁ ዓይነት ነገር የተገኘ ነው። ኬራቲን በቶሎ አይበሰብስም። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከዐፄ ቴዎድሮስ ራስ ተቆርጦ ወደ እንግሊዝ አገር የተወሰደው ጠጉር ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መመለሱ ለዚህ ምስክር ነው።

ሕይወት ያለው ሥሩ ነው። ሥሩ በቆዳው ውስጥ ከረጢት በሚመስል ጠባብ ጉድጓድ ተቀምጦ፣ ከደም ሥር ምግብ እየተቀበለ አዳዲስ ሕዋሳት ያበዛል። አዲሶቹ አሮጌዎቹን ወደ ላይ ሲገፉ፣ የተገፉት እየደረቁና እየጠነከሩ ዘለላ ይሆናሉ። በሰው ራስ ላይ 100,000 ያህል ዘለላ ይገኛል፤ እያንዳንዱም በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ከ2 እስከ 6 ዓመት ካደገ በኋላ ለጥቂት ወራት አርፎ ይወድቃል፤ በቦታውም ሌላ ይበቅላል። ስለዚህ በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ ቢረግፍ አያስደነግጥም። መላጨትም ሥሩን ስለማይነካ ጠጉርን አያበዛም፣ አያወፍርምም።

ስለ ቅቤስ ምን እንበል? ከጉድጓዱ ጎን ያለች እጢ ወዝ ታወጣለች። ነገር ግን ወዙ በተጠቀለለ ጠጉር ላይ በቀላሉ ስለማይወርድ ጠጉራችን ቶሎ ይደርቃል። እናቶቻችን ቅቤ መቀባታቸው እንግዲህ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዘለላውን ያለሰልሳልና። ሥሩን ግን አይመግብም፤ ቆረቆርንም አያድንም።

ቆረቆር ከእርግማን ወይም ከሰው ዓይን የሚመጣ ሳይሆን፣ በዓይን በማይታይ ፈንገስ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ነው። በምላጭ፣ በማበጠሪያ፣ በሻሽና በቆብ፣ እንደዚሁም አብሮ በመተኛት ከልጅ ወደ ልጅ ይሻገራል። ፈንገሱ ወደ ጉድጓዱ ዘልቆ በዘለላው ውስጥ ስለሚሰፍር፣ ከላይ የሚቀባ ቅባት ብቻውን አይደርስበትም። የሚዋጥ መድኃኒት የሚታዘዘው ስለዚህ ነው፤ መድኃኒቱም በደም በኩል ወደ ሥሩ ደርሶ ከሚያድገው ጠጉር ጋር አብሮ ይወጣል። ግሪሲዮፉልቪን የሚባለው ክኒን ለዚህ መዋሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1958 ገደማ ጀምሮ የታወቀ ነው። ጠጉር ቀስ ብሎ ስለሚያድግ፣ ክኒኑ ለብዙ ሳምንት ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት።

የሕፃኑን ራስ ቧጥጦ ቅጠል መለጠፍ ግን ጉዳት አለው። የራስ ቆዳ ደም ሥሩ ብዙ ስለ ሆነ በትንሽ ጭረት እንኳ ብዙ ይደማል፤ ቁስሉ አመርቅዞ ጉድጓዱን ካጠፋው ደግሞ በዚያ ቦታ ጠጉር ዳግመኛ አይበቅልም። ልጁም ዕድሜውን ሙሉ ራሱን ሸፍኖ ይኖራል።

እንግዲህ በሚመጣው ክረምት ከእኛ የሚጠበቀው ሥራ ከባድ አይደለም። ለቁንጮ፣ ለጋሜና ለሐዘን የሚላጨው ሁሉ በአንድ ምላጭ እንዳይላጭ እንንገር፤ በምላጭ የሚተላለፈው ቆረቆር ብቻ አይደለምና፣ በደም የሚመጣ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪም አለ። የታመመውን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይዘን እንሂድ፤ አብረውት የሚተኙትም ይመርመሩ። ልጁ ተሻለው ተብሎ ክኒኑ እንዳይቋረጥ ለወላጆቹ እናስረዳ። ከሁሉ በፊት ግን «ቆረቆራም» እያሉ ከጨዋታ የሚያባርሩትን ልጆች፣ በሽታው ነውር አለመሆኑን እናስተምራቸው።